አዲስ አፓርታማ ውስጥ የፓምፕ፣ የኤሲና የሂት ፓምፕ ድምፅና ንዝረት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ፣ ከልደታ እስከ ፒያሳ፣ ያለ ፓምፕ የሚኖር ፎቅ ማግኘት ይከብዳል። ውሃው በፈረቃ ይመጣል። ቤዝመንት ያለው ታንከር ይሞላል። ከዚያ ፓምፑ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይገፋዋል። በዚህ ላይ ኤሲ አለ፤ አሁን አሁን ደግሞ ሂት ፓምፕ የሚባለው የውሃ ማሞቂያ እየተጨመረ ነው። ሁሉም ሞተር አላቸው፤ ሁሉም ይንቀጠቀጣሉ። ጣጣቸውም ስለሚመሳሰል መልሱን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። ጀነሬተርን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።

ፓምፑ ያለው ቤዝመንት ነው። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ምንም አይሰሙም፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ይሆናል፤ በደንብ ይሆናል። ድምፅ ጆሮ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በአየር ነው፦ በመስኮት፣ በበር ሥር፣ በደረጃው ክፍት ቦታ። ሌላው በሕንፃው አካል ነው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ቡሎኑ ንዝረቱን ለወለሉ ይሰጣል። ወለሉ ለኮለኑ (ለምሰሶው)፣ ኮለኑ ለሶሌታው (ለየፎቁ የኮንክሪት ወለል) ያቀብላል። ቧንቧውም እንደዚያው ይዞት ይወጣል። መጨረሻ ላይ የመኝታ ቤትዎ ግድግዳ እንደ ስፒከር ይሆንና ድምፁን እርስዎ ክፍል ውስጥ ያወጣዋል። አርማታ ንዝረትን ውጦ አያስቀርም። ብዙ ፎቅ ይዞት ይሄዳል።

ሦስተኛ ፎቅን ለምን ዘለለ? ምናልባት እነሱ ጋ ቱቦው ግድግዳ ሳይነካ ያልፋል፤ እርስዎ ጋ ደግሞ ልስን ውስጥ ተቀብሯል። ወይም የክፍሉ ስፋት ነው። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ዙር ነው፤ የሞተር እምምታ አብዛኛውን ጊዜ የዚያ እጥፍ፣ በሰከንድ 100 ነው። የዚህ ድምፅ ሞገድ ርዝመት ወደ 3.4 ሜትር ይጠጋል። ይህ ደግሞ የአንድ መኝታ ቤት ልክ ነው። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ድምፁ የሚጎላበትና የሚደክምበት ቦታ ይፈጠራል። ግድግዳ ሥርና ጥግ ላይ ይጎላል። አልጋው ራስጌው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በጣም መጥፎውን ቦታ መርጠዋል ማለት ነው። ራስጌውን ከግድግዳው 80 ሳንቲ ያህል አርቀው አንድ ሌሊት ይሞክሩት። ነፃ ነው፤ ጥበብም አይጠይቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር አንድ ነው። የሚረብሽዎት በሕንፃው አካል የሚመጣ ድምፅ ከሆነ፣ ማሽኑን ዝም ለማሰኘት ከመልፋት ማሽኑና ሕንፃው የተያያዙበትን ቦታ ፈልጎ መለያየት ይሻላል።

ቀን አይሰማም፣ ሌሊት ግን ይብሳል። ለምን?

ቀን መንገዱ፣ ሚኒባሱ፣ ጎረቤት ያለው ግንባታ ይሸፍነዋል። ሌሊት ሽፋኑ ይነሳል። ሁለተኛው ምክንያት ፈረቃ ነው። የመስመር ውሃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ ጥበቃው ያኔ ነው ፓምፑን የሚያስነሳው። ቤዝመንት ያለው ታንከር በቂ ከሆነ ግን ወደ ላይ መግፋቱ ሌሊት መሆን የለበትም። ሌሊት ከመስመር ይሙላ፤ ወደ ሮቶ የሚገፋው ጠዋት ከ1 ሰዓት በኋላ ይሁን። አንድ ሰዓት ቆጣሪ ማብሪያና አንድ ተንሳፋፊ ማብሪያ ይህን ይሠራሉ። ብዙ ሕንፃ ላይ ችግሩ በዚህ ብቻ ያልቃል፤ ከሁሉ በፊት ይህን ያስጠይቁ።

ድምፁ ከየትኛው ማሽን እንደሚመጣ እንዴት ልወቅ?

ሁለት ሰውና ሁለት ስልክ ይበቃል። አንዱ ቤዝመንት ወርዶ ብሬከሩን ያጠፋል፣ ያበራል። ሌላው መኝታ ቤት ሆኖ «አሁን ቆመ፣ አሁን ጀመረ» ይላል። ጥበቃውን ቀድመው ቡና ቢጋብዙት ነገሩ ይቀላል። ፓምፕ፣ ኤሲ፣ ሊፍት፣ ማሞቂያ እያሉ አንድ በአንድ ያጥፉ። ሰው ፓምፑን ሲረግም ከርሞ ጥፋተኛው የሊፍቱ ሞተር ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ማሽኑ ከታወቀ በኋላ መንገዱን በእጅዎ ይከተሉ። መዳፍዎን ቱቦው ላይ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ያሳርፉ። ውሃ የሞላ ብርጭቆ ወለል ላይ ያስቀምጡ፤ ፊቱ ላይ ቀጭን ክብ ክብ ሞገድ ካዩ ንዝረቱ በሶሌታው ነው የመጣው። የቆዩ መካኒኮች ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ማሽኑ አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ዛሬም ይሠራል። ከሚሽከረከረው ክፍል ብቻ ይራቁ።

የድምፁ ዓይነትም ይናገራል። እኩል እምምታ ንዝረት ነው። እምም እያለ የማይዞር ከሆነ ካፓሲተሩ (ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ) ሞቷል ወይም ሞተሩ ተይዟል፤ ወዲያው ያጥፉት፣ ይቃጠላል። ቀጭን ፉጨትና ጭረት የኩሽኔታ ነው። ሲጠፋ «ዷ!» ብሎ አንዴ ከመታ ቼክ ቫልቩ (ውሃው እንዳይመለስ የሚዘጋው) ዘግይቶ ነው የሚዘጋው፤ በስፕሪንግ ቶሎ በሚዘጋ ይቀየር። ላሜራ የሚንቀጫቀጥ ከመሰለ ላሜራው ነው፤ ክዳኑን ማጥበቅ ይበቃል።

ቧንቧ በከፈትን ቁጥር ፓምፑ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። የተለመደ ነው?

አይደለም። ከፓምፑ ጎን ያለው ቀይ ወይም ሰማያዊ በርሜል ውስጥ አየሩንና ውሃውን የሚለይ ጎማ አለ። አየሩ ካለቀ በርሜሉ ትርፍ ውሃ አይይዝም፤ ፓምፑም ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ይነሳል።

በርሜሉ ጫፍ ላይ እንደ መኪና ጎማ ያለች ቫልቭ ታገኛላችሁ። ጫን ሲያደርጓት ውሃ ከተፋች ጎማው ተቀዷል። አየር ከወጣ ግን ይለኩት። ፓምፑን አጥፍተው፣ ቧንቧ ከፍተው ውሃው ካለቀ በኋላ ነው የሚለካው። አየሩ ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት በ0.2 ባር ማነስ አለበት። በ1.4 ባር የሚነሳ ፓምፕ 1.2 ባር አየር ይፈልጋል። ጎሚስታ ጋ ያለው መለኪያ በቂ ነው።

ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ሌሊት በየጥቂት ደቂቃው የሚነሳ ከሆነ ደግሞ የሚያንጠባጥብ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ የሽንት ቤት ሲስተርን ነው። ሲስተርኑ ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጠብ አድርገው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ሳይለቁት ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ተገኘ።

ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል። ውስጡ ድንጋይ ገብቶ ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ውሃው ራሱ ነው። ፓምፕ ከታች ሲስብ መግቢያው ላይ ግፊቱ በጣም ከወረደ ውሃው እዚያው ይፈላል። ትንንሽ አረፋ ይፈጠርና ወደ ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል። ድምፁ ጠጠር ይመስላል፤ የፓምፑንም ምላስ (ውሃውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ ክፍል) እየቦረቦረ ይበላዋል።

እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ የሚፈላው ለዚህ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ በሐሳብ ደረጃ 10.3 ሜትር የሚስብ ፓምፕ እዚህ 7.8 ሜትር ገደማ ነው አቅሙ። በተግባር ደግሞ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለእኛ አልተጻፈም።

መፍትሔው ፓምፑን ወደ ታንከሩ ማቅረብ፣ ከተቻለ ከውሃው ደረጃ በታች ማስቀመጥ ነው። የመግቢያ ቱቦውን ማስፋት፣ ክርን መቀነስ፣ የእግር ቫልቩን (የመሳቢያ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን) ወንፊት ማጽዳትም ይረዳል። በአንድ ኢንች መግቢያ ላይ ሦስት ሩብ ቱቦ ያሰረ ሠራተኛ ካለ ቱቦ አትርፎልዎት ፓምፕ አስከፍሎዎታል።

ከሥሩ ጎማ ብናነጥፍስ?

አዎ፣ ግን አብዛኛው ሰው የሚያነጥፈው ጎማ አይሠራም። ከድሮ መኪና ጎማ ተቆርጦ ከፓምፑ ሥር የሚገባውን ማለቴ ነው። በጣም ጠጣር ነው። ጎማ የሚሠራው ሲጨመቅ ነው። በደቂቃ 2,900 ዙር ገደማ ለሚዞር ፓምፕ ጎማው በፓምፑ ክብደት ብቻ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። በደቂቃ 1,450 ለሚዞር ቀርፋፋ ሞተር ደግሞ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር። ማስመሪያ ይዘው ይለኩ፦ ፓምፑ ሳይቀመጥ የጎማው ቁመት ስንት ነበር፣ ከተቀመጠ በኋላስ? ምንም ካልተለወጠ ጎማው ጌጥ ነው።

ጎማው ካልተጨመቀ ወርዱን ያሳንሱ። ሙሉ ምንጣፍ ከማንጠፍ አራት ማዕዘኖቹ ላይ ትንንሽ ቁራጭ ይሻላል፤ ክብደቱ በጥቂት ቦታ ሲያርፍ ጎማው ይጨመቃል።

ሁለተኛው ስህተት ቡሎን ነው። ጎማው ተነጥፎ፣ ቡሎኑ ከላይ ፓምፑን ከታች አርማታውን አጥብቆ ከያዘ ምንም አልተሠራም። ንዝረቱ ጎማውን ትቶ በቡሎኑ ይወርዳል። ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፦ ብረት ከብረት፣ ብረት ከሲሚንቶ የሚገናኝበት ቦታ መኖር የለበትም። ቡሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሰፋ ይበል። የጎማ ቡሽ ይግባበት። ከሮንዴላው ሥርም የጎማ ሮንዴላ ይኑር። ዳዶውን እስኪያቃስት አያጥብቁት። ከላይና ከታች ለየብቻ ቡሎን ያለው፣ መሃሉ ጎማ ብቻ የሆነ መቀመጫ ካገኙ የተሻለ ነው።

ትልቅ ፓምፕ ከሆነ ከባድ መሠረት ይሥሩለት። 60 በ40 በ15 ሳንቲ የሆነ የኮንክሪት ጠረጴዛ ወደ 86 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህ ለ40 ኪሎ ፓምፕ ደህና ነው። ፓምፑ ከኮንክሪቱ ጋር ጥብቅ ብሎ ይታሰር፤ ኮንክሪቱ ግን በአራት ጎማ ላይ ይቀመጥ። ወለሉን እንዳይነካ። ሲሚንቶ ሲቦካ ተንጠባጥቦ ከሥሩ የደረቀ ትንሽ እብጠት እንኳ ሥራውን ያበላሻል።

በደንብ ከተሠራ በኋላ ፓምፑ ራሱ ከበፊቱ በላይ ሲወዛወዝ ቢያዩት አይደንግጡ። ድሮ ለሕንፃው ይሰጥ የነበረውን አሁን ለብቻው ስለያዘው ነው።

ቧንቧውስ?

ፓምፑን ከወለል ለያይቶ ቧንቧውን እንደነበረ መተው ግማሽ ሥራ ነው። በመግቢያውም በመውጫውም የጎማ ፍሌክሲብል (ተጣጣፊ ቱቦ) ይግባ። ፍሌክሲብሉ ተወጥሮ ወይም ተጣሞ መታሰር የለበትም፤ የተወጠረ ፍሌክሲብል እንደ ብረት ነው የሚያስተላልፈው። መግቢያው በኩል ያለው ሲሳብ ወደ ውስጥ የማይጣበቅ ዓይነት ይሁን።

ከዚያ ሽቅብ ይሂዱ። ቱቦው ግድግዳ ላይ የታሰረበት ማቀፊያ ውስጡ ጎማ ይኑረው። ቱቦው ሶሌታ የሚበሳበት ቦታ በሲሚንቶ ተደፍኖ ከሆነ በየፎቁ ንዝረት እያደለ ነው የሚወጣው። ሰፋ ያለ ቱቦ ውስጥ አልፎ ክፍተቱ በለስላሳ ነገር ቢሞላ ነው ትክክሉ። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ከብረት ቱቦ ይልቅ ዝም ይላል፤ የብረቱ ጩኸት ካስመረረዎት ከፓምፑ በኋላ ያለውን ጥቂት ሜትር ብቻ መቀየርም ይረዳል።

ሣጥን ሠርተን ብንሸፍነው ወይም ግድግዳውን በስፖንጅ ብንለብጠውስ?

የእንቁላል ካርቶን፣ ስፖንጅ፣ ምንጣፍ... ገንዘብዎን ይያዙ። እነዚህ ክፍል ውስጥ የሚያስተጋባን ቀጭን ድምፅ ይቀንሳሉ እንጂ በግድግዳ ውስጥ የሚመጣን ወፍራም እምምታ አያቆሙም። ሣጥን የሚረዳው ድምፁ በአየር ሲመጣ ብቻ ነው። ያኔም ከባድ መሆን አለበት፤ በብሎኬት ቢታጠር ጥሩ ነው። አየር ማስገቢያ ከሌለው ደግሞ ሞተሩን ይቀቅለዋል።

ኤሲ ባስገባን ማግስት ግድግዳው መጮህ ጀመረ።

የውጪው ማሽን የተሰቀለው ባዶ ብሎኬት ላይ ነው አይደል? ብሎኬት ቀላል ነው፣ ውስጡም ክፍት ነው፤ ንዝረት ሲያገኝ ይጮሃል። ማሽኑ ወደ ኮለን ወይም ወደ ቢም ይዛወር። ካልሆነ በረንዳው ወለል ላይ በጎማ እግር ይቀመጥ። የጥግ ቦታ ይራቁ፤ ሁለት ግድግዳ የተገናኘበት ቦታ ድምፁን ወደ እርስዎ ይመልሰዋል። በሕንፃው መሃል ባለው የአየር ማስገቢያ ክፍት ቦታ ውስጥ የተሰቀለማ የአሥሩንም ፎቅ ሰው ያስቀይማል።

የመዳብ ቱቦው ግድግዳ ሲያልፍ በሲሚንቶ ተለስኖ ከሆነ ያስፈልፍሉት፤ በፎም ይሞላ። ማሽኑ ሲገጠም ለጉዞ የታሰረ ቡሎን ወይም ማገጃ አለመውጣቱንም ይመልከቱ። አንዳንድ ማሽን ላይ ኮምፕረሰሩን ለጉዞ ቀፍድዶ የሚይዝ ነገር አለ። ገጣሚው ማኑዋሉን ካላነበበ እዚያው ይቀራል።

ሂት ፓምፕ ማሞቂያችን ሌሊት «ፉሽሽ» ብሎ ይተነፍሳል፤ እንፋሎትም ያወጣል። ተበላሸ?

አልተበላሸም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የውጪው ክፍል ላይ አመዳይ ይይዛል። ማሽኑ አቅጣጫውን ለጥቂት ደቂቃ ገልብጦ ያቀልጠዋል። ፋኑ ይቆማል፣ ጋዙ ፉሽሽ ይላል፣ ውሃ ይንጠባጠባል። ከዚያ ይመለሳል። በየጥቂት ደቂቃው ከደጋገመው ግን ጋዝ ጎድሎ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው።

የውሃ ማሞቂያ ከሆነ ደግሞ ሌሊት ምን ያሠራዋል? ሰዓቱን ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ያድርጉት። ሂት ፓምፕ ሙቀት የሚወስደው ከአየር ስለሆነ ቀን ላይ አየሩ ሞቅ ሲል መብራትም ያነሰ ይበላል። ታንኩ ውሃውን እስከ ጠዋት ያቆይዎታል።

ሮቶው ሲሞላ እንደ ፏፏቴ ይሰማል።

ውሃው ከላይ ስለሚወድቅ ነው። ከተንሳፋፊው ቫልቭ ሥር ቱቦ አስረዝመው ወደ ታች ያውርዱት። የቱቦው አናት ላይ ግን ትንሽ ቀዳዳ ይብሱ፤ አለዚያ መስመሩ ባዶ ሲሆን ውሃውን መልሶ ይስበዋል።

ቤት ልንረከብ ነው። ምን እንይ?

ፓምፕ ሲሠራ ይሂዱ። ሻጭ የሚያሳየው ቀን ሁሉም ነገር ጠፍቶ ነው። «ፓምፑን አስነሱልኝ» ይበሉና መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘግተው ይቁሙ። ፓምፑ ከየትኛው ክፍል ሥር እንዳለ፣ ቋሚ ቱቦው በየትኛው ግድግዳ እንደሚያልፍ ይጠይቁ። የሊፍት ሞተር ቤትና ሮቶ ያሉበት የላይኛው ፎቅ ዋጋ ቢቀንስም በነፃ አይደለም የቀነሰው። ችግር ካዩ ርክክብ ላይ ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ ያስገቡት። ከፈረሙ በኋላ «ይለምዱታል» ይባላሉ።

ጎረቤት ወይም ኮሚቴው እምቢ ካለ ሕግ አለ?

አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥቀርሻ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ይላል። ንዝረት በስሙ ተጠርቷል። ኮንዶሚኒየም ላይ የጋራ ፓምፕ የሁሉም ንብረት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖር ያደረገው ለእንዲህ ያለው ነው። ወጪውም የጋራ ነው፤ «አንተን ብቻ ስለረበሸህ አንተ ክፈል» የሚል ኮሚቴ ቢያጋጥምዎት ይህን ያንሱለት።

እኔ ግን በክስ አልጀምርም። የፓምፑን ቡሎን በስልክ ቀርጸው፣ የሚያስፈልገውን የጎማ ዋጋ ጠይቀው ስብሰባ ላይ ቢቀርቡ ይቀላል። «ይረብሸኛል» ሲባል ሰው ትከሻውን ይነቀንቃል። «ይህን ያህል ብር ነው፣ ቅዳሜ ይሠራል» ሲባል ግን እጅ ያወጣል። ካልሆነ የከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለስልጣን የድምፅ አቤቱታ ይቀበላል።

በስልክ አፕ የለካሁት 38 ዴሲቤል ነው። ይህን ይዤ ልክሰስ?

የአገራችን መለኪያ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ ለንግድ አካባቢ 65 እና 55። መሃል ከተማ ላይ ያሉ ብዙ ቤቶች ንግድ መሃል ናቸው። 38 ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ በታች ነው። ስለዚህ በቁጥር ብቻ ከሄዱ ሊሸነፉ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ለመኝታ ቤት ያስቀመጠው 30 ዴሲቤል ነው፤ እሱ ግን ምክር እንጂ የእኛ ሕግ አይደለም። የስልክ ማይክ ደግሞ ወፍራም ድምፅን በደንብ አይሰማም፤ የእምምታውን ቁጥር አሳንሶ ሊነግርዎት ይችላል። አፑን ለማነጻጸር ይጠቀሙበት። ስልኩን አንድ ቦታ አስቀምጠው ፓምፑ ሲሠራና ሲጠፋ ይለኩ፤ ጎማው ከገባ በኋላም እዚያው ቦታ ደግመው ይለኩ። ከጎማው በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት 10 ዴሲቤል ከደረሰ ለጆሮ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ነው።